የጥቅምት ሌሊት አልቀረም

እኩዮቼ፣ የጉቶ ጊዳ፣ የነቀምቴ፣ የዋዩ ቱቃና የአርጆ ሽማግሌዎች፤ ይህን የጻፍኩት ለልጆቻችን አይደለም፣ ለእናንተ ነው። ልጆቹ የሚሰሙት እኛን ነውና የእኛን ስህተት በማሳቸው ላይ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት ከቀብር ተመልሰን በእድሩ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ከመካከላችን አንዱ፣ የማከብረው ሰው፣ «ውርጭ የአባቶቻችን ዘመን ነገር ነበር፤ አሁን ቀርቷል» አለ። ሁላችሁም ተስማማችሁ። ሌላው ደግሞ ልጁ ከወንዙ ዳር ጀምሮ እስከ ጉብታው ጫፍ በቆሎ ብቻ እንደዘራ፣ ገብሱንም ማሽላውንም እንደተወ በደስታ ነገረን። እኔ ዝም አልኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በግብርና ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው፣ የማውቀውን እያወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ዝምታ ነው።

ያላችሁት ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። የሀገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል፤ ቀዝቃዛ ሌሊቶችም በቁጥር አንሰዋል። አባቶቻችን ገብስ ብቻ ይዘሩበት የነበረው ከፍታ ዛሬ በቆሎ ሲያበቅል በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን ያነሰ ነገር የቀረ ነገር አይደለም። ጅብ አምስት ዓመት ስላልጮኸ በረቱን ከፍቶ የሚተኛ ማን አለ? ውርጭ በየዓመቱ በሚመጣበት ዘመን ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ይዘራ ነበር። አሁን በስንት ዓመት አንዴ ሲመጣ የሚያገኘው ያልተጠነቀቀ ሰውና ያልተዘጋጀ ማሳ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። የጥቅምት ብርድ ለምን እንደዚያ እንደሚከፋ ግን ብዙ ጊዜ አናስበውም። ክረምቱን ሙሉ ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍነናል፤ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ስትለቀው ደመናው መልሶ ይሰጣታል። መስከረም ሲያልቅ ጋቢው ይገፈፋል። ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይተኛል፣ የምድር ሙቀት መላሽ አጥቶ ወደ ጠፈር ይሄዳል። የቀዘቀዘው አየር ከሞቀው ይከብዳልና እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፣ ረባዳው ላይም ይተኛል። ጉብታው ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ከሥሩ ያለው ሜዳ ነጭ ሆኖ የሚያነጋው ለዚህ ነው። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ ሲያሳይ፣ ሰማይ ሥር የተጋለጠው ቅጠል ከዜሮ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። «በሬዲዮ 3 ዲግሪ ነው ያሉት» ብሎ የሚጽናና ሰው የሰማው የሳጥኑን ብርድ ነው።

በዚህ ላይ ሀገራችን ወጣ ገባ ናት። ነቀምቴ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ወደ አርጆ ስንወጣ 2,500 ሜትር ግድም እንደርሳለን። በየ100 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ከነቀምቴ አርጆ መውጣት ብቻ ከሁለት ዲግሪ በላይ ይለውጣል ማለት ነው። ወደ ኡኬ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለኡኬ የሚሆን ዘርና ምክር ለአርጆ አይሆንም። ይህን እናውቅ ነበር፤ ረሳነው።

ብርዱ ቅጠሉ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። እኔም ብዙውን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በማንበብ ነው፤ ወጣት ሳለሁ ባውቀው ኖሮ ከዚህ በታች የምናዘዘውን ኃጢአት ባልሠራሁ።

ተክል የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል በስስ የቅባት ሽፋን ተከቧል። በአንድ ብርጭቆ ቅቤ፣ በሌላው የኑግ ዘይት አድርጋችሁ በብርድ ሌሊት ውጭ አሳድሩ። ጠዋት ቅቤው ረግቶ፣ የኑጉ ዘይት ግን ሲፈስ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ ያለው በሞለኪውሎቹ ቅርጽ ላይ ነው። የቅቤው ሰንሰለቶች በአመዛኙ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንደ ተከመረ እንጨት ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የኑጉ ግን ቦታ ቦታ ላይ የታጠፉ ናቸውና እንደ ቆልማማ ጭራሮ ተጠጋግተው አይቀመጡም። የሴሉ ሽፋን እንደ ቅቤ ሲረጋ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራ ያቆማሉ፣ ሽፋኑ ይሸነቆራል፣ የሴሉ ጨውና ውሃ ያፈተልካል። ብርድ የለመደ ተክል ቅዝቃዜው ሲጀምረው ቀጥ ያለውን ሰንሰለት የሚያጥፉ ኢንዛይሞችን ያበዛል። ሽፋኑን ከቅቤነት ወደ ኑግነት ይወስደዋል። የኛው ኑግ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ በቀዝቃዛ ቦታ ፍሬ ሲይዝ በዘይቱ ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የታጠፈ ቅባት ድርሻው ከፍ ይላል። ወለጋ ኑግ ስትዘራ ስንት ዘመን ኖራለች! ትምህርቱ በደጃችን ነበር።

ሽፋኑ መርጋት ሲጀምር ካልሲየም ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል፤ ያ የመጀመሪያው እሪታ ነው። ሌሊት በአንዱ ጉብታ ላይ እሪታ ሲሰማ ከማዶ ያለው ተቀብሎ እንደሚያስተላልፈው፣ እዚህም ጥሪው ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይሻገርና ዘረ-መሉ ወዳለበት ይደርሳል። ብርዱ በጀመረ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲ.ቢ.ኤፍ የሚባሉ ጂኖች ይነሣሉ። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው ያሳወቁት በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቶማሾው ቡድን አባላት ናቸው። የእነዚህ ጂኖች ሥራ ሌሎችን መቀስቀስ ነው። እነሱ ሲነሡ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሌሎች ጂኖች ተከትለው ይነሣሉ፤ ስኳር ይከማቻል፣ ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ይበዛል፣ ውሃ ሲሸሽ የሴሉን ዕቃ የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሲ.ቢ.ኤፍን ራሱን ከሚቀሰቅሱት አንዱ፣ አይ.ሲ.ኢ1 የተባለው፣ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች ኮልድ1 የተባለ ጂን በሩዝ ውስጥ አገኙ። አንዱ የሩዝ ዓይነት ብርድ ሲችል ሌላው የማይችልበት አንዱ ምክንያት በዚህ ጂን ውስጥ ያለች አንዲት የዘረ-መል ፊደል ሆና ተገኘች። የሩዝ ዘረ-መል ወደ 400 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። ከዚያ ሁሉ አንዲት! ይህን ሳነብ ወደ ወፍጮ የላክናቸውን ዘሮች አስቤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ተክሉ ራሱን የሚያድን ከሆነ ምን አስጨነቀን ትሉኝ ይሆናል። ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ብርድና ስለ ሰብል ዓለም ያወቀው ብዙው ነገር የታወቀው ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው ሀገሮች ነው። እዚያ ብዙ ስንዴና ገብስ ከበጋቸው በኋላ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ይዘራል። ብርዱ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ እየከበደ ይመጣል። ተክሉ በዚያ ጊዜ ገና ቅጠል ብቻ ነው፤ ወደ መሬት ተጠግቶ፣ ስኳሩን አጠራቅሞ፣ ይጠብቃል። እንዲያውም ረጅም ብርድ ካላለፈበት አያብብም፤ አበባውን የሚከለክል ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም የሚፈታው በብርድ ነው። ያ ቁልፍ ተዘግቶ ሳለ የሲ.ቢ.ኤፍ ጥበቃ ይጠነክራል። ቁልፉ ተፈትቶ ተክሉ ወደ ማበብ ሲዞር፣ ቪ.አር.ኤን1 የተባለው ጂን ሲነሣ፣ ጥበቃው ይላላል። ጎበዝ ዘበኛ እንኳ ሰርግ ቤት ሲገባ ጦሩን ደጅ ያስቀምጣል።

የኛ ገብስና ስንዴ በአመዛኙ ያ ቁልፍ የላቸውም። በሰኔና በሐምሌ ይዘራሉ፣ ብርድ ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ማበብ ይሄዳሉ። የኛ ውርጭስ መቼ ይመጣል? ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ዛላው ወጥቶ አበባው ሲከፈት ወይም ፍሬው ወተት ሲይዝ። ለሳምንታት እየከበደ አይመጣም። ትናንት ቀትር ላይ ጃኬት ያስወለቀ ፀሐይ ነበር፣ ዛሬ ሌሊት ይገድላል። ለመልመድ የሚያስፈልገው የቀናት ጊዜ የለም፤ ጊዜው ቢኖርም ያበበ ተክል የሚለምድበት አቅም ትንሽ ነው። የእነሱ ብርድ ቅጠል ያገኛል፣ የኛ ብርድ አበባ ያገኛል። ከኛ ጋር የሚመሳሰል መከራ ያላት አውስትራሊያ ናት፤ እዚያም ጥርት ያለ ሌሊት ያበበ ስንዴ ላይ ወርዶ ለምለም የሚመስለውን ማሳ ባዶ ያደርገዋል።

አበባው የሚሞተው ደግሞ በረዶ ሲይዘው ብቻ አይደለም። የአበባው ዱቄት ከውጭ ከመታየቱ በፊት፣ ገና በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ሲሠራ፣ ስንቁ የሚመጣው በስኳር ነው። ስኳሩን ሰባብሮ ለዱቄቱ የሚያቀብል ኢንዛይም አለ። በሩዝ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በዚያ ሰዓት ብርድ ሲነካው ተክሉ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፣ ኢንዛይሙ ይቀንሳል፣ ስኳሩ በር ላይ ተከምሮ ይቀራል። ዱቄቱ ስንቅ አጥቶ ይመክናል። ለዚህ ከዜሮ በታች መውረድ አያስፈልግም። ማሽላም በዚሁ ወቅት ብርድ ከነካው ፍሬ አይይዝም። ከውጭ የሚታይ ጉዳት የለም፤ ገበሬው የሚያውቀው ሲያበራይ ነው።

በቆሎ ደግሞ ሌላ ድካም አለው። አየሩ ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ለምግብ ሥራው ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ፣ አራት ሆኖ ተያይዞ የሚሠራው፣ እየተገነጣጠለ ይዳከማል። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጠዋት ላይ ፀሐይዋ ስትወጣ ብርሃኑ ወደ ቅጠሉ ይገባል፣ የሚቀበለው ሠራተኛ ግን ገና አልነቃም። ሥራ ያላገኘው ብርሃን ቅጠሉን ራሱን ያቃጥላል፤ ከኦክሲጅን የሚወለዱ ጎጂ ሞለኪውሎች ሽፋኑን ይበሉታል። የጥቅምት ጠዋት ምን ያህል እንደሚያበራ ታውቃላችሁ። ያ ለኛ የሚያምረው ብርሃን ለበረደው በቆሎ እሳት ነው።

ስለዚህ በኛ ሀገር ሰብልን ከውርጭ የሚያድነው ከሁሉ በፊት ጊዜው ነው፤ ውርጭ ሳይደርስ መድረስ። ጊዜውን የሚወስነው ዘሩ ነው።

አሁን የኔን ነገር ልናገር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ አርጆ በሚወጣው ከፍታ ላይ ወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከምድጃቸው በላይ፣ ጭስ በሚደርስበት ጣራ ሥር፣ የገብስ ዛላ አስረው ይሰቅሉ ነበር። ጥቁር ገብስ ናት፤ በኦሮምኛ ገርቡ ጉራቻ። አጭር፣ ምርቷም ብዙ ያልሆነ፣ ግን መስከረም ሳይጋመስ የምትደርስ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወር ልጆችን የምታሻግር። እኔ «እማማ፣ ይህ ምን ይሠራልዎታል? አዲስ የመጣ የስንዴ ዘር አለ፤ ሦስት እጥፍ ያገኛሉ» አልኳቸው። እሳቸው ወደ ጣራው ቀና ብለው «የኔ ልጅ፣ ይህቺ ብርዱን ታውቀዋለች» አሉኝ። እኔ ምን እንደመለስኩ ታውቃላችሁ? «ዘር ምን ያውቃል?»

ተቀበሉኝ። ገብሷን አስፈጩ። ሁለት ዓመት ስንዴው አማረ፤ ሰዎቹ መረቁኝ፣ አለቆቼ አመሰገኑኝ። በሦስተኛው ዓመት ዘሩ ዘግይቶ ተዘራ፣ ዝናቡም ቆይቶ ወጣ። ስንዴው ጥቅምት ላይ አበበ። አንድ ሌሊት ሰማዩ ጠራ። ጠዋት ማሳው ከሩቅ ለምለም ነበር፤ እኔም ተርፏል ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከሳምንት በኋላ ዛላው ነጣ። አንዱን በመዳፌ አሸሁት፤ እብቅ ብቻ ነበር። ባልቴቷ አልተቆጡኝም። «ገብሴን መልስልኝ» ብቻ አሉኝ። ጎረቤት ዞርኩ፣ ማዶ ተሻገርኩ። ምክሬን የተቀበለው ሁሉ ፈጭቶት ነበር።

«ብርዱን ታውቀዋለች» ማለታቸው ዛሬ ከማንበው ሁሉ ጋር ይገጥማል። ዘር አያስብም። ግን በዚያ ጉብታ ላይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የወረደ ውርጭ ሁሉ የዘገየውን ገድሎ የፈጠነውን፣ ደካማውን ገድሎ የጠናውን አስቀርቷል። በእያንዳንዱ ሌሊት ከዘረ-መሉ ውስጥ የማትጠቅም ፊደል ተፍቃ የምትጠቅም ቀርታለች። የቀሩትን ደግሞ እናቶች በእጃቸው እየመረጡ ጭስ ላይ ሰቅለዋቸዋል። ያን ጽሑፍ እኔ በአንድ ምክር ወፍጮ ውስጥ ጨመርኩት።

«ሳይንስ መልሶ ይሠራዋል» የሚል ከልጆቻችን መካከል አለ። ሳይንስን የምወድ ሰው ነኝና የማውቀውን ልናገር። ሲ.ቢ.ኤፍን ሁልጊዜ እንዲነሣ አድርገው ተክል ሠርተው አይተዋል፤ ብርዱን ቻለ፤ ነገር ግን ድንክ ሆነ፣ ማበቢያውም ዘገየ። ለኛ የዘገየ አበባ ማለት በቀጥታ ውርጭ ውስጥ መግባት ነው። በገብስ ውስጥ እነዚህ ጂኖች በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ከደርዘን የማያንሱ ሆነው ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ስንት ቅጂ እንዳለውና የትኛው መቼ እንደሚነሣ ከዘር ወደ ዘር ይለያያል። ይህን ለማስተካከል ተመራማሪው መነሻ ያስፈልገዋል። መነሻው የባልቴቷ ጣራ ሥር የነበረው ነው።

ዓለምም ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከሩቅ ሩሲያ መጥቶ የኢትዮጵያን ዘር ሰብስቧል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ጂን አውሮፓ ውስጥ ዱቄት መሰል የቅጠል ሻጋታን ሲከላከል ኖሯል፤ ሌላው ደግሞ ገብስን የሚያቀጭጭ ቫይረስን ይመክታል። የኢትዮጵያ ደጋማ ማሽላዎች ብርድ የሚችል ማሽላ ለሚፈልጉ አዳቃዮች ምንጭ ሆነዋል። ለነዚህ ዘሮች ሲባል ከውቅያኖስ ማዶ ይመጣል፣ እኛ ግን በርካሽ እንሸጣቸዋለን።

ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቀድመው አዩት። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ በእሳቸው አመራር አደገ፤ ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ የዘር ናሙና ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ግን እሳቸው ራሳቸው ዘር በገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ብለው ደከሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተኛ ዘር አይሞትም፣ ግን አይማርም። የዛሬን ሙቀትና የዛሬን ድንገተኛ ውርጭ የሚማረው ማሳ ላይ ያለው ነው።

ስለ በቆሎ ክፉ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ባኮ ላይ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢ.ኤች-660 ስንቱን ቤት ከረሃብ እንዳወጣ እኔው ምስክር ነኝ። ግን ለመድረስ 160 ቀን ገደማ የሚፈልግ ዘር ነው፤ የሚመከርበትም ከፍታ እስከ 2,200 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ለሚዘራ ሰው አምቦ ላይ ለደጋ ተብለው የተዘጋጁ አርጋኔ፣ ወንጪና ጅባት አሉ። ከገበያ «በቆሎ ነው» ተብሎ የተገዛን ዘር ስሙንም ሳይጠይቁ ጉብታ ላይ መዝራት ግን የልጆችን ምግብ በአንድ ሌሊት ላይ ማስያዝ ነው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ሁሉም በአንድ ቀን ያብባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ካበበ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አባቶቻችን አንዱን ማሳ ገብስ፣ አንዱን ማሽላ፣ አንዱን ጤፍ፣ ጥጉን አንጮቴ የሚያደርጉት አላዋቂ ስለነበሩ አልነበረም።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ከፍታው እየተከልን ነውና። ቡና ውርጭ ላይ በጣም ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 በብራዚል ፓራና ላይ የወረደው ውርጭ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የቡና ዛፎችን አጠቆረ፤ በ2021ም ውርጭ የብራዚልን ቡና እንደገና መታ። ጥላ ዛፍ ሳትቆርጡ ትከሉ፤ ጥላው ሌሊት ጋቢ ነው።

እኩዮቼ፣ እኛ ስናልፍ የትኛው ዘር ከየትኛው ጉብታ እንደመጣ የሚያውቅ አይቀርም። በኛ ዘመን ይህ እውቀት አልተጻፈም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል ጎምቢሳው፣ የእህል ጎተራው፣ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል፤ የተመለሰው ሰው የዘራው ያገኘውን እርዳታ እህል ነው። ያ የማንም ጥፋት ይሁን፣ የጠፋው ግን የሁላችንም ነው። በአማርኛ «ዘር» ስንል የእህሉንም የሰውንም ማለታችን ነው፤ በኦሮምኛም «ሰኚ» እንዲሁ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ተስማምተዋል። እኛ ስለ ሰው ዘር ስንከራከር የእህሉ ዘር ከእጃችን ወጣ።

እንግዲህ በየእድሩ፣ በየቡናው፣ በየሽምግልናው «ውርጭ ቀርቷል» አትበሉ። ልጃችሁ መሬቱን ሁሉ በአንድ ዘር ሊሸፍን ሲነሳ፣ «አባቴ ዝም አለ» እንዳይል፣ ተናገሩ። ሚስቶቻችሁንና እህቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከኛ ከወንዶቹ ይልቅ የዘርን ነገር የሚያውቁ እነሱ ናቸው፣ ጣራ ሥር ያለውም በእነሱ እጅ ነው። ያንን ለወፍጮ አትስጡ፤ አንድ ቁና እንኳ ቢሆን በየዓመቱ ጥግ ላይ ዝሩት። ውርጭ በመታው ማሳ ውስጥ ደግሞ ብቻቸውን የተረፉ ዛላዎች አይጠፉም። እነዚያን ለይታችሁ ቅጠፉ፣ ከሌላው ጋር አታበራዩ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ነው፤ ባኮም ሩቅ አይደለም። ወስዳችሁ ስጧቸው፤ ከየት ጉብታ እንደሆነ፣ ማን ይዘራው እንደነበር፣ መቼ እንደሚደርስ ተናግራችሁ አስጽፉ። ልጆቹ ዛሬ ፊደሉን የሚያነቡበት መሣሪያ አላቸው፤ የሚያነቡት ግን እኛ ካስረከብናቸው ብቻ ነው።

ባልቴቷ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ልጆቻቸው ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን ገርቡ ጉራቻን እስከ ዛሬ በየገበያው፣ ሴቶች እህል ይዘው በሚቀመጡበት ሁሉ፣ ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየበተንኩ እፈልጋለሁ። ጥቁር ገብስ አግኝቻለሁ፤ ዘርቼ ሳያት ግን ኅዳር ላይ የምትደርስ ሆና ተገኘች። የሳቸው አይደለችም። አርጆ፣ ዋዩ ቱቃ ወይም ከዚያ ወዲያ ካላችሁት መካከል መስከረም ሳይጋመስ የምትደርስ ጥቁር ገብስ ከጣራው ሥር የሰቀለ ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ ላኩብኝ፤ እመጣለሁ። አንድ ዛላ ይበቃኛል።